አንባቢ ይጠይቃል፦ ተማሪ ጭኖ ወደ ሳይንስ ማዕከል

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። ጉዳያቸውም አንድ ነው፤ ልጆች እየነኩ፣ እየጎተቱና እየገፉ የሚማሩበትን የሳይንስ ማዕከል እንዴት እንጎብኝ ይላሉ። ደብዳቤዎቹ ረዘም ስላሉ ፍሬ ነገራቸውን ብቻ አስቀርተናል።

«48 የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን አዲስ አበባ ወዳለው የሳይንስ ሙዚየም ልንወስድ አስበናል። ባልደረቦቼ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስተን ማታውኑ እንመለሳለን ይላሉ። ያዛልቃል? በመንገድ ላይስ ልጆቹን በምን እንያዛቸው?»
*የሳይንስ መምህር፣ ሸዋ ሮቢት*

አያዛልቅም። ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚያስቸግረው ግን ርቀቱ ሳይሆን ዳገቱ ነው። ሸዋ ሮቢት ያለችው 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ መንገዱ የሚያልፍበት ጣርማበር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ። ተማሪ የጫነ መኪና ይህን ሁሉ የሚወጣው እያዘገመ ነው፤ ጉም ከወረደ ጭራሽ ይጎተታል። በሌሊት የተነሳው ሹፌር ያንኑ ጠመዝማዛ ማታ ላይ፣ ደክሞት፣ ቁልቁል ሊወርደው ነው። ልጆቹም ቢሆኑ ሌሊቱን ሲንገላቱ አድረው ሙዚየሙ በር ላይ የሚናፍቃቸው ትራስ ነው።

የሚሻለው ደብረ ብርሃን ማደር ነው። ከቀትር በኋላ ተነስታችሁ ሳይመሽ ትገባላችሁ፤ በማግስቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ብትነሱ ቀሪውን 130 ኪሎ ሜትር በሁለት ሰዓት ተኩል ወይም በሦስት ሰዓት ትጨርሱታላችሁ። ከዘገያችሁ ለገጣፎ ላይ የጠዋቱ የመኪና ሰልፍ ይይዛችኋል። ጉብኝቱን ከ3 እስከ 6 ሰዓት አድርጋችሁ 6 ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ መጀመር ካልቻላችሁ ሁለተኛውንም ሌሊት ደብረ ብርሃን እደሩ። ለማደሪያ ርካሹ መንገድ እዚያ ያለ ትምህርት ቤት ክፍል እንዲፈቅድላችሁ በደብዳቤ መጠየቅ ነው። የቆላ ልጆች ግን የደብረ ብርሃንን ብርድ አያውቁትም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ያለ ጋቢና ያለ ሹራብ ማንም መኪና ላይ እንዳይወጣ።

መኪናውን በተመለከተ፣ 48 ተማሪና 4 መምህር 52 ሰው ነው። አንድ ኮስተር 30 ሰው ያህል ስለሚይዝ ሁለት ኮስተር በ26 በ26 ይበቃል፤ አንድ ትልቅ አውቶቡስም ይሆናል። እኛ ሁለቱን ኮስተር እንመርጣለን፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። ስትዋዋሉ የሹፌሩ አበልና ማደሪያ የማን እንደሆነ፣ ቆሞ የሚጠብቅበት ሰዓት እንዴት እንደሚታሰብ በጽሑፍ ይስፈር። ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን መድኑን ተመልከቱ፤ ትርፍ ጎማውንም ወርዳችሁ በእጃችሁ ተጫኑት፤ የለም ብሎ የሚነግር ሹፌር የለም። የመንገዱን ሁኔታ ደግሞ ከዋዜማው ማታ መስመሩን ከሚመላለሱ ሹፌሮች ጠይቁ፤ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የመንገዱ ትምህርት ጣርማበር ላይ ነው። ባዶና ደረቅ የሁለት ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ያዙ፤ አፉ ሸዋ ሮቢት ላይ በደንብ ይዘጋ። ዳገቱን በወጣችሁ ቁጥር ፕላስቲኩ እየጠነከረ፣ እንደ ከበሮ እየተወጠረ ይሄዳል። ጣርማበር ላይ ስትከፍቱት አየሩ ፍሽ ብሎ ይወጣል፤ እዚያው መልሳችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉትና ለመመለሻው አስቀምጡት። ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ጎኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ጣርማበር ላይ ያለው የአየር ግፊት ሸዋ ሮቢት ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚያንስ፣ ላይ የታሰረው አየር ታች ሲደርስ ይጨመቃል። ሙከራው የሚከሽፈው በሦስት ምክንያት ነው፤ ክዳኑ አየር ያስወጣል፣ ውስጡ ውሃ አለ (ውሃው አይጨመቅም፣ የሚጨመቀው አየሩ ብቻ ነው)፣ ወይም ፕላስቲኩ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር ተቀምጦ አየሩ ሞቆ መልሶ ይነፋዋል። ልጆቹ በመሄጃው «ለምን ተወጠረ?» ብለው ከጠየቁ ስለ ግፊት የሚናገረው ማሳያ ፊት ሲደርሱ አያልፉትም።

የመኪና ማቅለሽለሽ ያለባቸውን ከፊት አስቀምጡ፣ ቁርሱ ቀለል ይበል፣ በየወንበሩ ፌስታል ይኑር።

«ባለፈው ዓመት ለአንድ ተቋም የትብብር ደብዳቤ ልከን ቀጠሮ ተሰጥቶን ነበር። ስንደርስ ግን በሩ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ አቆሙን። የኛ ጥፋት ምን ላይ ነው?»
*ምክትል ርእሰ መምህር፣ እነዋሪ*

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ደብዳቤው ብዙ ጊዜ ቢሮ ውስጥ አለ፤ ጥበቃው ጋ ግን የለም። ቀጠሮ የሰጠው ሰው ሌላ፣ በር ላይ የቆመው ሌላ ነው። ስለዚህ በቴሌግራም የላካችሁት እንዳለ ሆኖ፣ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ፊርማና ማህተም ያረፈበት ዋናውን ደብዳቤ ከሁለት ግልባጭ ጋር በእጃችሁ ያዙ። ቀጠሮ የሰጠውን ሰው ስምና ስልክም ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ባትሪ ያልቃል።

በደብዳቤው ላይ የክፍል ደረጃው፣ የወንድና የሴት ተማሪ ቁጥር፣ አብረው የሚመጡ መምህራን ስም፣ የመኪናው ሰሌዳ፣ የመድረሻና የመነሻ ሰዓት፣ ልዩ ድጋፍ የሚፈልግ ተማሪ ካለ እሱም ይግባ። የተማሪዎቹ ስም ዝርዝር ሦስት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ለበር፣ አንዱ መኪናው ውስጥ፣ አንዱ ትምህርት ቤት ይቅር። መምህራን መታወቂያ ይያዙ። ቢላ፣ መቀስና ምላጭ ከምሳ ዕቃና ከቦርሳ ውስጥ ቀድሞ ይውጣ። አንድ የብርቱካን መላጫ ቢላ ፍተሻ ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚበላ የደረሰበት ያውቀዋል።

ሁለተኛው ወጥመድ ሰዓትና ቀን ነው። በኢንተርኔት በሚሞላ ቅጽ ላይ 9:00 ካያችሁ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ነው እንጂ ከቀኑ 9 ሰዓት አይደለም። ቀኑም የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ደብዳቤው ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ፣ የሳምንቱን ቀን ስም ጨምሩ፤ «ማክሰኞ» የሚለው ቃል ስንቱን ስህተት ያስቀራል።

ከመሄዳችሁ 3 ቀን በፊት ደውላችሁ አራት ነገር ጠይቁ። በዚያ ቀን ለጥገና የተዘጋ አዳራሽ አለ? መብራት ቢጠፋ ጀነሬተር ማሳያዎቹን ያሠራል ወይስ አምፖሉን ብቻ? በአንድ ጊዜ ስንት ተማሪ ታስገባላችሁ? ምሳ የሚበላበት ጥላ አለ? ከአራቱ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሁለተኛውን ነው፤ ማሳያዎቹ በመብራት የሚሠሩ ከሆነ ጉብኝቱን የሚያስቀረውም እሱ ነው። ምሳውን ስታስቡ ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ረመዳንን አትርሱ።

«የ4 እና የ11 ዓመት ልጆች አሉኝ። ትንሹ ሁሉን ነገር ካልነካሁ ይላል፤ እንዳይሰብርብኝ እሰጋለሁ። ለሁለቱም በአንድ ቀን የሚሆን ነው?»
*የሁለት ልጆች እናት፣ ደብረ ብርሃን*

እመቤቴ፣ ለመስበሩ ብዙም አይስጉ። እንዲነኩ የተሠሩ ማሳያዎች በቀን መቶ እጅ እንዲችሉ ሆነው ነው የሚሠሩት። በ1969 እ.ኤ.አ. ፍራንክ ኦፔንሃይመር የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኤክስፕሎራቶሪየምን ሲከፍት ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ጎብኚው ራሱ ካላንቀሳቀሰው ማሳያው ትርጉም የለውም። በእርግጥ በአንድ ሕንጻ ውስጥ የሚነካም የማይነካም ይኖራል። መግቢያው ላይ ለልጅዎ ምልክቱን ያሳዩት፤ «ይህ ሲኖር እጅ ወደ ኋላ» ይበሉት። የ4 ዓመት ልጅ ይህን እንደ ጨዋታ ይይዘዋል።

አስቸጋሪው የሁለቱ ልጆች ፍጥነት ነው። የ4 ዓመት ልጅ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይቆይም፤ ከዚያ በኋላ ለቅሶ ነው። የ11 ዓመቷ (ወይም የ11 ዓመቱ) ግን ገና መሞቋ ነው። ስለዚህ ሁለት አዋቂ ሆናችሁ ሂዱ፤ ባለቤትዎ፣ እህትዎ ወይም የአክስት ልጅ ይሁን። የመጀመሪያውን አርባ ደቂቃ አብራችሁ፣ ከዚያ ተከፋፈሉ። ትንሹ ውሃ፣ ኳስ፣ መስታወትና ጥላ ያለበትን ይመላለስበት፤ አንዱን ማሳያ አሥር ጊዜ ቢደጋግም አይጎትቱት፤ እየሠራ ነው።

ለትልቁ ልጅ አንድ ነገር ብቻ ያድርጉ። ቁልፉን ከመጫኑ በፊት «ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁት፣ መልሱን ይስሙ፣ ከዚያ ይጫን። ግምቱ ሲሳሳት ፊቱ ላይ የሚያዩት ግራ መጋባት ነው ትምህርቱ። ሰሌዳውን አንብበው ቀድመው ከነገሩት ያ ይቀራል። የማያውቁት ነገር ሲጠይቅዎት «እኔም አላውቀውም፤ እስኪ እንሞክረው» ማለት አያሳፍርም።

ቦርሳዎ ውስጥ ቅያሪ ካልሲ ይያዙ። የውሃ ማሳያ ካለ ይረጥባል።

«ፀጉር የሚያቆመው ክብ ብረት እንዴት ነው የሚሠራው? አያስደነግጥም? ጓደኛዬ ሞክራ ምንም አልሆነላትም።»
*የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደብረ ሲና*

ቫን ደ ግራፍ ይባላል። ከውስጥ በሞተር የሚዞር የጎማ ቀበቶ አለ፤ ቀበቶው የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) እየቀዳ ላይኛው ክብ ብረት ላይ ያራግፋል። አንቺ ፕላስቲክ መቆሚያ ላይ ቆመሽ እጅሽን ብረቱ ላይ ስታሳርፊ ሙሉ ወደ አንቺም ይሰራጫል። አንድ ዓይነት ሙል እርስ በርሱ ስለሚገፋፋ እያንዳንዱ ፀጉር ከጎረቤቱ ሊሸሽ ብሎ ይቆማል። ቮልቱ በመቶ ሺዎች ሊቆጠር ይችላል፤ የሚፈሰው ሙል ግን እጅግ ጥቂት ስለሆነ ጤነኛ ሰውን አይጎዳም፤ ቢበዛ ጣትሽን ቆንጠጥ ያደርግሻል። አገሩን ታውቂዋለሽ፤ በበጋ ደረቅ ሌሊት የሱፍ ሹራብ በጨለማ ስታወልቂ ጠሽ ጠሽ ብሎ ብልጭ የሚለው ያው ነገር ነው።

ጓደኛሽ ያልሆነላት በፀጉሯ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሹሩባ የተሠራ፣ ቅቤ ወይም ቅባት የገባበት ፀጉር አይቆምም፤ ክብደቱም መጣበቁም ይይዘዋል። በጣም የተጠቀለለ ፀጉርም ጥቂት ነው የሚነሳው። ታጥቦ የደረቀና የተበጠረ፣ ቀጭን ፀጉር ይሻላል። ሁለተኛው ምክንያት እርጥበት ነው። በክረምት፣ ወይም 50 ተማሪ በአንድ ክፍል ሲተነፍስ፣ ሙሉ ሳይጠራቀም በእርጥቡ አየር በኩል ይሾልካል። ሦስተኛው መቆሚያው ነው፤ ጫማዋ ረጥቦ ከሆነ ወይም ክንዷ ግድግዳ ነክቶ ከሆነ ሙሉ ወደ መሬት ወርዷል። ፀጉርሽ እንቢ ካለ ከሶፍት ጣት የሚያህሉ ስስ ቁራጮች ቀድጂና አስተባባሪው ማሽኑ እንደጠፋ ብረቱ ላይ በፕላስተር ይለጥፍልሽ፤ ማሽኑ ሲነሳ እንደ ጸደይ ሣር ይቆማሉ።

እንዳትደነግጪ ቅደም ተከተሉን ጠብቂ። ማሽኑ ጠፍቶ እያለ ነው እጅ የሚቀመጠው። እየሠራ እጅሽን አታንሺ፣ ሌላ ሰው አትንኪ። ሲያበቃ አስተባባሪው ሙሉን በዘንግ እስኪያስወጣው ቆዪ። ስልክሽን አስቀምጪ፤ ብልጭታው ሊያበላሸው ይችላል። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ከአካባቢው ይራቅ።

«ዶም ውስጥ ፊልም ሳይ አዞረኝ። ልጆቼን ባስገባቸውስ?»
*አንባቢ፣ ዓለም ከተማ*

ዶም ፊልሙ በጉልላት ጣሪያ ላይ የሚታይበት አዳራሽ ነው። ምስሉ ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንም ከላይም ስለሚመጣ ዓይን «እየተንቀሳቀስኩ ነው» ይላል፣ ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ ደግሞ «ተቀምጫለሁ» ይላል። ማዞሩ የዚህ ጭቅጭቅ ውጤት ነው። ከኋላ፣ መሃል ላይ ይቀመጡ፤ የፊት ረድፍ ይቅርብዎ። ሲጀምርዎ ዓይንዎን ጨፍነው ሃያ ይቁጠሩ፤ ወይም የመውጫውን መብራት ይመልከቱ፣ እሱ አይንቀሳቀስም። ልጆቹ ጨለማ የሚፈሩ ከሆነ ከመተላለፊያው አጠገብ አስቀምጧቸው። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊቀሰቅስበት ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ።

ስለ ከዋክብት ከታየ ደግሞ ቤት ስትመለሱ አንድ ነገር አሳዩአቸው። የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ የሚነሳው የቦታውን ኬክሮስ (ከምድር ወገብ ያለውን ርቀት በዲግሪ) ያህል ነው፤ ሰሜን ሸዋ 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ ቡጢ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ስለዚህ ወደ ሰሜን ዞራችሁ ከአድማሱ በላይ አንድ ቡጢ ለኩ፤ ኮከቡ እዚያ ነው። ድምቀቱ መካከለኛ ስለሆነ፣ ወደ ሰሜን ተራራ ካለም ስለሚጋረድ፣ ሜዳማ ቦታ ምረጡ። በአብዛኛው የአውሮፓ ሰማይ ኮከቡ ከአድማስ እስከ አናት ያለውን ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ፊልሙ የዚያን አገር ሰማይ ካሳየ ልጆቹ ልዩነቱን ራሳቸው ያገኙታል።

«በዚያው ቀን ድንቅነሽንም እናሳያቸው ብለናል። ይበዛል?»
*የወላጅ ኮሚቴ፣ አንኮበር*

ይበዛል። በመስከረም 2015 የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየም ወዳጅነት ፓርክ አካባቢ ነው፣ ብሔራዊ ሙዚየም ደግሞ አምስት ኪሎ፤ በመኪና ሩቅ አይደሉም። ግን ሁለቱም ቦታ መኪና ማቆም፣ መፈተሽ፣ መቁጠር፣ ሽንት ቤት ማስኬድ አለ፤ ይህ ብቻ ከሁለት ሰዓት ያላነሰ ይበላል። ሁለቱን ካላችሁ ሁለተኛው አንድ ሰዓት ይሁንና ድንቅነሽን ብቻ እዩ። ለልጆቹም ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ እዚያ የሚያዩት በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር ላይ የተገኘው የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጽም ቅጂ ነው፤ ዋናው በጥንቃቄ ተቀምጧል። ሳይነገራቸው ኋላ የሚሰሙ ልጆች የተታለሉ ይመስላቸዋል።

«ተማሪዎቻችን ጎብኝተው ሲመለሱ ‹ጥሩ ነበር› ከማለት በቀር የያዙት ነገር የለም። ሁለት ገጽ ጥያቄ ሰጥተናቸው ነበር።»
*መምህር፣ ጫጫ*

ሁለቱ ገጽ ነው የጎዳችሁ። 20 ጥያቄ የያዘ ልጅ ማሳያውን አይነካም፤ ሰሌዳውን ይገለብጣል፣ ቀድሞ ከጨረሰው ጓደኛው ይኮርጃል፣ እየሮጠ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ጥያቄው ሦስት ይሁን፤ «ግምትህ የተሳሳተበትን አንድ ማሳያ ሳል። ምን ጠብቀህ ነበር? ምን ሆነ?» በቃ።

ጊዜውንም አስሉት፤ ጉብኝቱ ሦስት ሰዓት ነው እንበል። 48 ተማሪ በአራት ቡድን 12፣ 12 ይሆናል። እያንዳንዱ ቡድን በአንድ አካባቢ 30 ደቂቃ ይቆይና ይቀያየር፤ ይህ ሁለት ሰዓት ነው። በቡድኑ ውስጥ ሦስት ሦስት ሆነው አራት ማሳያ በሰባት ሰባት ደቂቃ ይዳረሳቸዋል። ከሦስት ሰው በላይ በአንድ ማሳያ ላይ ከቆመ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ተመልካች ነው፤ ተመልካቹም አብዛኛውን ጊዜ ያው ዝምተኛው ልጅ ነው። የቀረውን ሰዓት ለሁለት ክፈሉት፤ ግማሹ ለመግቢያ፣ ግማሹ «የወደድከው ጋ ተመለስ» ለሚባልበት። ይህን የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት ምንም ቢሆን አትሰርዙት። ጥልቅ ጥያቄ የሚነሳው በሁለተኛው መመለስ ነው።

ከመሄዳችሁ አንድ ሳምንት በፊት ክፍል ውስጥ አንድ ሙከራ ሥሩ። ሲባጎ ጫፍ ላይ ድንጋይ ታስሮ በሩ መቃን ላይ ይንጠልጠል፤ ከማንጠልጠያው እስከ ድንጋዩ መሃል ልክ 1 ሜትር ይሁን። ጥቂት ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁትና 10 ምልልስ በስልክ ሰዓት ያዙ፤ 20 ሰከንድ ገደማ ነው። ድንጋዩን በከባድ ቀይሩት፤ ያው 20 ነው፣ እዚህ ላይ ክፍሉ ይንጫጫል። ሲባጎውን 25 ሴንቲ ሜትር ብታደርጉት 10 ሰከንድ ይሆናል። ርዝመቱ ሩብ ሲሆን ጊዜው ግማሽ ነው የሚሆነው እንጂ ሩብ አይደለም።

18 ሰከንድ ካገኛችሁ መሣሪያው አልተበላሸም፤ ቆጣሪው ድንጋዩን ሲለቅ «አንድ» ብሎ ስለጀመረ የቆጠረው 9 ምልልስ ነው። ሲለቅ «ዜሮ» ይባላል። ከ20 ካለፈ ደግሞ ሲባጎው የተለካው እስከ ቋጠሮው እንጂ እስከ ድንጋዩ መሃል አይደለም፤ ወይም ድንጋዩ በጣም ተገፍቷል። ይህን የሠራ ልጅ ማዕከሉ ውስጥ ትልቅ ፔንዱለም ሲያይ ከሰሌዳው በፊት ሰዓቱን ያወጣል።

«አንዱ ተማሪያችን ዓይነ ስውር ነው፣ አንዷ በተሽከርካሪ ወንበር ትሄዳለች። ይቅሩ ወይ?»
*መምህርት፣ ሞላሌ*

በፍጹም አይቅሩ። እንዲያውም በእጅ የሚሠራ ማሳያ ለዓይነ ስውሩ ከመማሪያ መጽሐፍ ይቀርበዋል። መዘውር፣ ማግኔት፣ ሹክሹክታን ከዳር እስከ ዳር የሚያደርስ ጎድጓዳ ሳህን ለእሱ ይምረጡለት። አብሮት የሚሆነው ጓደኛ ያየውን ይናገር እንጂ እጁን ይዞ አይጎትተው። ለተማሪዋ በስልክ ስትደውሉ ጠይቁ፤ ደረጃ ወይስ አሳንሰር፣ የሽንት ቤቱ በር ስንት ሴንቲ ሜትር ይሰፋል? የሷን ወንበር እዚያው ትምህርት ቤት ለክታችሁ ቁጥሩን ያዙ። ኮስተሩ ላይ ወንበሩ ታጥፎ የሚገባበትን ቦታ ከሹፌሩ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

«እኛ አዲስ አበባ የሚያደርስ በጀት የለንም። እዚሁ ምን ማድረግ ይቻላል?»
*ርእሰ መምህር፣ መሐል ሜዳ*

አንድ ክፍል ወይም አንድ ኮሪደር ይበቃል። በአምስት ማሳያ ጀምሩ፤ ከላይ የነገርናችሁ ሲባጎና ድንጋይ፣ ባለ ሁለት መዘውር ማንሻ፣ ቀዳዳ ካሜራ፣ የብስክሌት ዲናሞና አምፖል፣ እንዲሁም ጠላቂው። ሌሎቹን በየመማሪያ መጽሐፉ ታገኟቸዋላችሁ፤ ጠላቂውን በዝርዝር እንንገራችሁ፤ ወጪው ከሁሉ ያነሰ፣ ልጆችን የሚይዘው ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ነው።

አንድ ለስላሳ የአንድ ሊትር ውሃ ፕላስቲክ፣ አንድ የእስክሪብቶ ክዳንና ጥቂት ጭቃ ያስፈልጋል። የክዳኑን ጫፍ ተመልከቱ፤ ብዙዎቹ ጫፋቸው ላይ ትንሽ ቀዳዳ አላቸው። እሱን በሰም ወይም በታኘከ ማስቲካ ድፈኑት፤ ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» የሚለው ይህን ቀዳዳ ሳያይ ነው። ከሰፊው አፉ ዙሪያ ጭቃ ለጥፉ፣ አፉን ግን አትዝጉት። ጭቃው የሸክላ ሠሪ ዓይነት ይሁን፤ ተራ ጭቃ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ከዚያ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ አንሳፉት። ጫፉ ብቻ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል፣ ከውሃው በላይ መታየት አለበት። ብዙ ከታየ ጭቃ ጨምሩ፣ ከሰጠመ ቀንሱ። ብርጭቆ ላይ ያልተስተካከለ ጠላቂ ፕላስቲኩ ውስጥ አይስተካከልም።

አሁን ፕላስቲኩን እስከ አፉ ጢም አድርጋችሁ ሙሉት፣ ጠላቂውን አስገቡ፣ ክዳኑን አጥብቁ። ጎኑን ጨመቅ ስታደርጉት ጠላቂው ይወርዳል፣ ስትለቁት ይወጣል። ግፊቱ በውሃው በኩል አልፎ ክዳኑ ውስጥ የታሰረችውን አየር ይጨምቃታል፣ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ክዳኑ ይከብዳል። የምታሳይ ፕላስቲክ ከሆነች ልጆቹ ጠጋ ብለው ውሃው በክዳኑ ውስጥ ከፍ ዝቅ ሲል በዓይናቸው ያያሉ። አልወርድ ካለ ከላይ አየር ቀርቷል፤ ጭመቃችሁ የሚያልቀው እሱን በመጭመቅ ነው። ወርዶ አልመለስ ካለ ደግሞ ትንሽ ከብዷል፣ ወይም ስታስገቡት አየር አምልጦታል፤ አውጥታችሁ እንደገና ብርጭቆው ላይ አስተካክሉት።

የክፍሉን ቁልፍ የሚይዝ አንድ መምህርና በየሳምንቱ የሚቀያየሩ ስድስት «አስተባባሪ» ተማሪዎች መድቡ። ገለጻ እንዳይሰጡ አስጠንቅቋቸው፤ ሥራቸው መጠየቅ ብቻ ነው፦ «ብጨምቀው ምን ይሆናል?» መለዋወጫ በካርቶን ይቀመጥ፦ ስድስት የእስክሪብቶ ክዳን፣ አንድ ጥቅል ሲባጎ፣ ሁለት አምፖል፣ ሰም። በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠፉት ክዳኖቹ ናቸው።